ለስላሳ ኮርቻ ሩቅ አያደርስም

ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነዳጅ ትበላ እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ መለዋወጫዋ ይገኝ እንደሆነ፤ ከዚያ ስንት ሲሲ እንደሆነች። መቀመጫዋን ግን ገበያ ላይ አቮካዶ እንደሚመርጥ ሰው በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ «ይመቻል» ብሎ ያልፋል። አውራ ጣት ሰባ ኪሎ አይመዝንም። አዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚቀመጠው ደግሞ በጣቱ አይደለም።

ኮርቻው ሲፈታ ሦስት ነገር ነው፤ ከታች የብረት ወይም የፕላስቲክ ወለል፣ መሀል ላይ ስፖንጅ፣ ከላይ ልባስ። ጣጣው ሁሉ ያለው ስፖንጁ ላይ ነው።

ለስላሳ ኮርቻ ይመቻል የሚባለው ለሃያ ደቂቃ ያህል እውነት ነው። ቤትና መሥሪያ ቤት ለሚመላለስ ሰው ይበቃዋል፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ችግሩ የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ከዳሌያችን ግርጌ ያሉ ሁለት አጥንቶች ናቸው። ጫና መቻል ሥራቸው ነው። በዙሪያቸው ያለው ሥጋ፣ የደም ሥርና ነርቭ ግን አይችልም። ስፖንጁ ሲለሰልስ አጥንቶቹ ይሰምጡና እስከ ወለሉ ድረስ ይጨፈልቁታል፤ ከዚያ በኋላ የተቀመጥነው ብረት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ያልተጨፈለቀው የዳር ስፖንጅ ደግሞ ሽቅብ እየገፋ ጭንንና መሀል ያለውን ስስ ቦታ ይጫናል። ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም። መጀመሪያ መደንዘዝ ይመጣል፣ ቀጥሎ ማቃጠል፤ ነጂው መቁነጥነጥ ይጀምራል። ጠንከር ያለ ስፖንጅ ግን አጥንቶቹን ከላይ ይዞ ስለሚያቆያቸው ሌላው ሥጋ ያርፋል።

የሚጠራጠር ካለ የዕቃ ካርቶን ደረጃ ላይ አንጥፎ፣ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥበትና ይነሳ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ያገኛል፤ የአጥንቶቹ ቦታ ያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ የተመቸው ኮርቻ ሌላውን የሚያሰቃየው አንድም በዚህ ነው። የኮርቻው ስፋት ሁለቱንም ምልክት ካልያዘ የስፖንጁ ጥራት ብቻውን የትም አያደርስም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮርቢን የሚባል ኮርቻ ሠሪ አለ፤ ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች የሚያውቁት በስፖንጁ ጥንካሬ ነው። አዲስ የገዛው ሰው መጀመሪያ ላይ ያማርራል፤ እየነዳው ሲሄድ ከገላው ጋር ይስማማል። ግን ካሊፎርኒያ ድረስ ምን አስኬደን? የአገራችን የፈረስ ኮርቻ አጽሙ እንጨት ነው። ግላስ ይለብሳል እንጂ ፍራሽ አይጠቀጠቅበትም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይህን እኔ ልነግረው አይገባም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ወንበር የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ኮርቻዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ልባሱን ሲገፍፉት ስፖንጁ መሀሉ ላይ ወይቦ፣ ዱቄት ሆኖ ወደቀ።

«ሰው ታፈናጥጣለህ?» አሉኝ።

«አልፎ አልፎ ነው ጋሼ።»

«ወደ ፊት ያንሸራትትህ የለ?»

ልክ ነበሩ። ከሥር ደረቅ ስፖንጅ አደረጉ፣ በላዩ የጣት ውፍረት ያላት ለስላሳ ደረቡበት፤ ከዚያ ከሰልባትዮው በኩል ያለውን ተዳፋት በቢላ እየላጉ አስተካከሉት። የእጃቸው መዳፍ ከኋላ ወደ ፊት ደጋግሞ ሲሄድ አንድም ጉብታ አታመልጣቸውም ነበር።

የተዳፋቱን ነገር ዓባይ በረሃ ያስረዳል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ኮርቻው ወደ ፊት ካዘነበለ ፍሬን በያዙ ቁጥር ገላ ወደ ሰልባትዮው ይንሸራተታል፤ ክብደቱን እጅ ይቀበላል፤ ደጀን ሳይደርሱ አንጓና ትከሻ ይዝላል። ነጂው ታዲያ መሪውን ይረግማል። በቁልቁለት ሰልባትዮውን በጉልበት ጨብጦ መያዝ ብዙ ያግዛል፤ ቀጥ ያለ ኮርቻ ግን የበለጠ ያግዛል።

በኮርቻው ላይ የአልጋ ፍራሽ ቁራጭ በገመድ አስረው የሚነዱ ወንድሞቼ ቢቀየሙኝም እናገራለሁ፦ በሽታውን ነው ያባባሳችሁት። የሚያንሸራትት አብረቅራቂ ላስቲክ የምታለብሱም እንዲሁ። ወፍራም ስፌት ያለው ጂንስ ደግሞ ለሰርግ ይሁን። ሻንጣ በጀርባ አዝሎ መንዳት ያው የራስን ክብደት መጨመር ነው፤ ከኋላ ይታሰር።

መንገዱ ሲበላሽ መርገጫው ላይ ቆም ማለት፣ በየሰዓቱ ወርዶ መንጠራራት፣ ውኃ መጠጣት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ የሚያደርገው ጥቂት ነው።

ከልባስ ሁሉ የምመርጠው አጎዛ ነው። ፀጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ሲታሰር በገላና በኮርቻ መካከል አየር ያሳልፋል፣ ላብ አያቁርም፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ላስቲክ የሚያደርሰውን ግለት ያስቀራል። ውጭ አገር ሩቅ የሚነዱ ሰዎች ለዚሁ ሲሉ የበግ ቆዳ በውድ ይገዛሉ፤ እኛ መደብ ላይ አንጥፈነው ቡና እንጠጣበታለን። አንድ ጉድለት አለው፤ ዝናብ ከመታው ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ሞተሯ ስትቆም በላስቲክ ይሸፈን፤ ከራሰም ጥላ ላይ ተሰቅሎ ይድረቅ እንጂ እሳት ዳር አይጠጋ፣ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል።