የተበላሸው ማዳመጫም ያስተምራል

የጆሮ ማዳመጫችን አንድ ወገኑ ዝም ያለ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን አውጥተን እንጥለዋለን። እኔም እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ነገር ግን ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሰኪያው አጠገብ፥ ሽቦው በመተጣጠፍ ብዛት ከሚበጠስበት ስፍራ ነው። ይህን ቆርጦ አዲስ መሰኪያ መበየድ ይቻላል። ቀጭኖቹ ሽቦዎች ቀለም የተቀቡ ስለ ሆኑ ግን ቀለሙ ሳይፋቅ ወይም ሳይቃጠል ብየዳው አይዝም፤ እኔም ይህን ባለማወቄ ሁለት ጊዜ በከንቱ ደክሜአለሁ።

የእጅ ሥራ አይናቅ። አሜሪካዊው ናትናኤል ባልድዊን በ1910 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ባሕር ኃይል ያቀረበውን ማዳመጫ የሠራው በዩታ፥ በገዛ ወጥ ቤቱ ነበር፤ ፋብሪካ አልጠበቀም። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የከፈትነው ዕቃ ባይድን እንኳ አሠራሩን ማወቃችን ትርፍ ነውና፥ ከመጣል በፊት መክፈትን እንልመድ።