ተጨማሪ መረጃ፦ የተበሳ የነዳጅ ቱቦ እና ግፊት

ግፊት በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መሆኑን በዚህ ምዕራፍ ተምራችኋል። ይህ እውቀት መኪና ሥር ገብቶ ለሚሠራ ሰውም ያስፈልጋል። ከታንክ እስከ ሞተር የሚዘረጋው የብረት ቱቦ ጭቃና እርጥበት ስለሚያገኘው ይዝጋል። በተለይ ከመኪናው አካል ጋር በሚታሰርበት ቦታ እርጥበት ስለሚቋጥር ቶሎ ይበሳል።

ብዙዎች የተበሳውን ቆርጠው ተራ ጎማ ያስገቡና በፋሸታ ያጠብቁታል። ካርቡራተር ባላቸው መኪኖች ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 ባር ስለማይበልጥ ይህ ሊይዝ ይችላል። በብዙ የቤንዚን ኢንጀክሽን መኪኖች ግን ግፊቱ 3 ባር አካባቢ ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 30 ኒውተን ማለት ነው። ጎማው ከለስላሳው ብረት ላይ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ጥሩ መካኒክ የዛገውን በአዲስ ቱቦ ተክቶ ጫፉን ፍሌር ያወጣለታል። ፍሌር ማለት በመሣሪያ እንደ መለከት አፍ የተከፈተ የቱቦ ጫፍ ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅ መጋጠሚያው ላይ ተጣብቆ ነዳጁ እንዳያመልጥ ይዘጋል። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሁለት ንብርብር ሲሆን ድርብ ፍሌር ይባላል፤ በቀላሉም አይሰነጠቅም።

ጥንቃቄ፦ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ራቅ ካለ ብልጭታም ይቀጣጠላል። ነዳጅ የነካውን ቱቦ ለመበየድ ፈጽሞ አትሞክሩ።

ተመልከቱ፦ በአቅራቢያችሁ ጋራዥ ካለ አዲስ የፍሬን ቱቦ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የጫፉ ፍሌር ነጠላ ነው ወይስ ድርብ? የፍሬን ግፊት ከነዳጅ ግፊት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ይህን አስባችሁ ጫፉ ለምን እንዲህ እንደተሠራ ለጓደኞቻችሁ አስረዱ።