የቪንሰን ተራራ ቁመት ከየት ይጀምራል?

የአንታርክቲካ ከፍተኛው ተራራ ቪንሰን ከደቡብ ዋልታ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኤልስዎርዝ ተራሮች ሴንቲነል ሰንሰለት ላይ ይገኛል። ስሙ በተነሣበት ሁሉ ተከትሎት የሚመጣው ቁጥር 4,892 ሜትር ነው። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ስለ ተራራው የሚነግረን እጅግ ጥቂቱን ብቻ ይመስለኛል። እዚህ የተደረሰውም በአንድ ጊዜ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ካዩት በኋላ፣ የኮንግረስ አባል በነበሩት በካርል ቪንሰን ስም ተሰየመ፤ ቁመቱም ለዓመታት 5,140 ሜትር እየተባለ ተጻፈ። በኋላ የተካሄደ ቅየሳ ወደ 4,897 አወረደው፤ በ2004 የተደረገው የጂፒኤስ ልኬት ደግሞ አምስት ሜትር ቀነሰለት።

ይህ ሁሉ እርማት ግን ቆጠራውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ነው። ከሰንሰለቱ በስተምሥራቅ ያለው ባሕር ሳይሆን ራትፎርድ የተባለ ግዙፍ የበረዶ ጅረት ነው፤ በቀን አንድ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ከሥሩ ያለው የሸለቆ ወለል በጥልቁ ቦታ ከባሕር ጠለል በታች ወደ 2,000 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ዓለቱን ከሸለቆው ወለል እስከ ተራሮቹ አናት ብንከተለው፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አግድም ርቀት ውስጥ ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ እናገኛለን። ከፊሉን ከዓይን የሰወረው በረዶው ነው።

እያንዳንዱ ተራራ ከየራሱ ግርጌ ከተለካ ማወዳደሪያ አይኖርም የሚል ሰው እውነት አለው። ከቪንሰን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የታይሪ ተራራ 4,852 ሜትር ነው፤ በ40 ሜትር ብቻ የሚለያዩ ጎረቤታሞችን ለማበላለጥ የጋራ መነሻ የግድ ያስፈልጋል። ይሁንና ማን ይበልጣል የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ተራራ ወጪው ምን ይገጥመዋል ብለን ከጠየቅን፣ የባሕር ጠለል መልስ ይጎድለዋል። በዋልታ አካባቢ አየሩ ከቅዝቃዜው የተነሣ ስለሚኮማተር፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግፊቱ ከሞቃት አገር ይልቅ ፈጥኖ ይቀንሳል። በቪንሰን ጫፍ የቆመ ሰው የሚተነፍሰው አየር፣ በምድር ወገብ አካባቢ እኩል ከፍታ ላይ ካለው የሳሳ ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ የከፍታ መለኪያ ቢይዝ ከ4,892 የሚበልጥ ቁጥር ሊያሳየው ይችላል። ለካርታ ሠሪ ይህ ስሕተት ነው፤ ለወጪው ሳንባ ግን ከካርታው ይልቅ የሚቀርበው ያ ቁጥር ነው።