የአፍዴራ ጨው፤ የኩሬው አያያዝና የነጋዴው ጥቅም

በአፋር ክልል ከአፍዴራ ሐይቅ ዳር የሚመረተው ጨው በሰርዶ በኩል ወጥቶ፣ ሰመራንና አዋሽን አልፎ ወደ መኻል አገር ይደርሳል። ቀድሞ ለኢትዮጵያ ገበያ በብዛት ይቀርብ የነበረው የአሰብ ጨው ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሥቶ ያ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ግን የአፍዴራ ጨው ቦታውን ያዘ። ስለዚህ ጨው የሚነግድ ሁሉ የኩሬውን ሥራ ቢያውቅ ይጠቀማል።

የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ የአፍዴራ ውሃ ደግሞ የዚህን አራት እጥፍ ያህል። ይህ ውሃ በሞተር ተስቦ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ከተሞላ በኋላ በፀሐይና በነፋስ ይተናል። ጥንካሬውም ቦሜ በሚባል ዲግሪ በተንሳፋፊ መለኪያ ይታወቃል። አስቀድሞ ኖራነት ያለው ዝቃጭና ጀሶ ይወርዳል፤ 25 ዲግሪን ሲያልፍ የምግብ ጨው መርጋት ይጀምራል። 29 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የተረፈው ውሃ ማግኒዚየም የበዛበትና መራራ ስለሚሆን መለቀቅ አለበት።

አዲስ ኩሬ የሚያሠራም ወለሉን ደልድሎ ማጥበቅ፣ የመጀመሪያውንም የጨው ንጣፍ እንደ ወለል መተው ይገባዋል፤ አለዚያ ምርቱ ከጭቃ ጋራ ተዛንቆ ይወጣል።

መራራው ውሃ በጊዜው ያልተለቀቀለት ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። ከክብደቱ ከመቶ 5 እጁ ውሃ የሆነ 300 ኩንታል ጨው የገዛ ነጋዴ፣ ዋጋና የማጓጓዣ ኪራይ የከፈለበት 15 ኩንታል ውሃ ነው ማለት ነው።

ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል፤ ይኸውም ሕዝቡን ከእንቅርትና ከመሰል ደዌ ለመጠበቅ ነው። እርጥብ ጨው ግን ውሃው ወደ ከረጢቱ ግርጌ ሲወርድ አዮዲኑን ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ ገዢው ከከረጢቱ አፍ ብቻ ሳይሆን ከግርጌውም ዘግኖ ይመርምር። ባለሱቁም ጨዉን ከወለል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ ያኑር፤ ቀድሞ የገባውንም አስቀድሞ ይሽጥ።