«የሞሪሰን ጂግ» የማን ነው?

ጂግ የአየርላንድ ሰዎች የሚጨፍሩበት ዜማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ስምንተኛ ምት ይጻፋል። የሙዚቃ ክበባችን ለትምህርት ቤታችን በዓል ካጠናቸው ዜማዎች አንዱ «የሞሪሰን ጂግ» ስለ ነበረ፥ እኔም በፕሮግራሙ ላይ «ድርሰት፥ ሞሪሰን» ብዬ ጻፍሁ። ኖታው የሚለው ይህንኑ ስም ነውና።

የሸክላውን ታሪክ ስከታተል ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የስላይጎው ተወላጅ ቫዮሊን ተጫዋች ጄምስ ሞሪሰን፥ በኒውዮርክ በ1936 እ.ኤ.አ. ዜማውን ያስቀረጸው ከኬሪው አኮርዲዮን ተጫዋች ከቶም ካርሞዲ ጋር ነው። ዜማውን የሰጠውም ቶም ነው። የሸክላው ርእስ «የሞሪስ ካርሞዲ ተወዳጅ» ይላል፤ ሞሪስ የቶም አባት ነው። ከሸክላው እየሰሙ የተማሩት ሰዎች ግን በተጫዋቹ ስም ጠሩት፤ ኖታ ጻፊዎችም ተከተሏቸው።

ፕሮግራሙን «የአየርላንድ ዜማ፥ ከካርሞዲ ቤተ ሰብ የተገኘ» ብዬ አርሜዋለሁ።