«ማሽኑ አይፈቅድም» እና ሌሎች የኪሌሌሽዋ ጨዋታዎች

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ውስጥ ሐበሻ ወጣቶች ሳሎን ሞልተው ፕሌስቴሽን ሲጫወቱ አንድ ክርክር አይቀርም። «ኮምፒውተር ካለው ልጅ ጋር መጫወት አይቻልም፤ ማሽኑ አይፈቅድም» ይላል አንዱ።

ማሽኑ ምን በወጣው! «ፋይናል ፋንታሲ 11» እ.ኤ.አ. በ2002 የፕሌስቴሽን 2 እና የኮምፒውተር ተጫዋቾችን አንድ ዓለም ውስጥ አገናኝቷል። በ2017 ኤፒክ ጌምስ በስህተት በሩን ሲከፍተው ደግሞ የፕሌስቴሽንና የኤክስቦክስ ልጆች «ፎርትናይት»ን ለአጭር ጊዜ አብረው ተጫወቱ። በሩን የዘጋችው የፕሌስቴሽን ባለቤት ሶኒ ነበረች፤ የከፈተችውም ራሷ፣ በ2018።

«ዋናው ጨዋታውን መግዛት ነው» የሚለውስ? ናይሮቢ ላይ የሚያንገበግበው ይኼ ነው። የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት ኬንያንና ኢትዮጵያን ከሚያስተናግዳቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ አካውንት የሚከፍት ሰው «አገርህ የት ነው?» ሲባል የሌላ አገር ስም ይሞላል። በሜይ 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2»ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌስቴሽን አካውንት ያገናኙ ብላ አዘዘች። አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጨዋታው ስቲም ከተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ገበያ ተነሣ። ቁጣው ሲበረታ ትዕዛዙ በቀናት ውስጥ ተሻረ። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው፣ አገሩ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ብቻ ውጭ ሊቀር ነበር።

ሌላም አለ። የእግር ኳስ ጨዋታውን ኤፍሲ 24ን አንዱ በፒኤስ 4፣ ሌላው በኮምፒውተር ቢገዛ አይገናኙም። ኮምፒውተሩ የተመደበው ከፒኤስ 5 ጋር ነው፤ ፒኤስ 4 የሚገጥመው ኤክስቦክስ ዋንን ነው። ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይሻላል።

«ማውስ የያዘ ሁሌ ያሸንፋል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ተኩስ ጨዋታ ላይ ማውስ ፈጣን ነው፤ ለዚህም ነው ጨዋታዎቹ ጆይስቲክ ለያዘው የማነጣጠሪያ እርዳታ የሚሰጡት። እርዳታው በዛ ብለው የሚያማርሩ የኮምፒውተር ተጫዋቾችም ሞልተዋል። እግር ኳስ ላይ ግን ኮምፒውተር ያለውም ጆይስቲክ ይሰካል።

ላግ (የኢንተርኔት መዘግየት) ሲመጣ ደግሞ የሚሰደበው ኮንሶሉ ነው፤ ርቀቱን ግን የሚያስብ የለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የጨዋታው ሰርቨር ጆሃንስበርግ ቢሆን፣ ናይሮቢ ከዚያ በቀጥታ 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ደርሶ መልሱ ከ29 ሚሊሰከንድ በታች አይሆንም። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ እጥፍ ይሆናል። በሜይ 2024 ኢዚና ሲኮም የተባሉት የባሕር ገመዶች ተበጥሰው የኬንያ ኢንተርኔት ሲያዘግም፣ ማውስ የያዘውም ጆይስቲክ የያዘውም እኩል ነበር የጠበቀው።