ቴራው በየትኛው ሚዛን?

ለሽርሽር ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣ ነጋዴ፣ በተራራው ላይ ያለው የጠፈር ምርምር ማዕከል ከገበያው ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስለውም፡፡ አለ፡፡ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችው 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ምስል የላከችው እዚያው እንጦጦ ወዳለው የምድር ጣቢያ ነበር፡፡ ምስል ደግሞ እንደ ቡና ይመዘናል፡፡

የካሜራዋ አንድ ነጥብ መሬት ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ይሸፍናል፡፡ ወደ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሰፋው አዲስ አበባ በዚህ ስሌት 2.8 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ትሆናለች፡፡ ለእያንዳንዱ ነጥብ ስምንት ባይት ቢያዝለት መላዋ ከተማ 22 ሜጋባይት ትመዝናለች፤ ስልክ ከሚቀርጸው አጭር ቪዲዮ አትበልጥም! ነጥቡ ወደ አንድ ሜትር ቢጠብ ግን ያችው ከተማ ከ4 ጊጋባይት ትበልጣለች፡፡ የምስል ጥራት ገዢ ይህን ከወዲሁ ያስላ፡፡

ከጊጋ በላይ ቴራ፣ ፔታ፣ ኤክሳ እያለ በሺህ በሺህ ይወጣል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 ዜታና ዮታ፣ በ2022 ደግሞ ሮናና ኩዌታ ተጨምረዋል፡፡ እነዚህ ለጊዜው የኛ ገበያ ጉዳይ አይደሉም፡፡

የኛ ጉዳይ የሚዛኑ ሁለት መሆን ነው፡፡ አምራቹ በ1,000 ይቆጥራል፤ ብዙው ኮምፒዩተር በ1,024፡፡ አንድ ቴራ ተብሎ የተገዛ ዲስክ ሲሰካ 931 ጊጋ የሚያሳየው ለዚህ ነው፡፡ ሻጩ አልሰረቀም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 ለ1,024ቱ ሚዛን ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ የሚል መለያ ስም ወጥቶለት ነበር፤ ገበያው አልተቀበለውም እንጂ፡፡

ክፍተቱ በኪሎባይት 2.4 በመቶ ብቻ ነው፡፡ በቴራ ወደ 10፣ በፔታ ከ12 በመቶ በላይ ይደርሳል፡፡ የአንድ ፔታ ማከማቻ የሚከራይ ድርጅት በውሉ ላይ ሚዛኑን ካላስጻፈ፣ 126 ቴራ ያህል ሊጎድልበት ይችላል፡፡

የኢንተርኔት መስመር ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ፍጥነቱ የሚነገረው በሜጋቢት ሲሆን፣ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፡፡ በ8 ሜጋቢት መስመር አንድ ጊጋባይት ፋይል በሁለት ደቂቃ ይገባል ብሎ የጠበቀ ደላላ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ እንኳ 17 ደቂቃ ይቀመጣል፡፡